ራሱ ይምጣ

ባለፈው ዓመት በሁዳዴ መግቢያ አንድ ቡችላ ቤታችን ገባ። የቀድሞ ባለቤቱ ሰፈር ሊቀይር ነበርና «ካልወሰዳችሁት መንገድ ላይ መልቀቄ ነው» ብሎ ነው የሰጠን። ሁለት ወር ተኩል ገደማ ቢሆነው ነው። ከእናቱ የተለየው በአምስተኛ ሳምንቱ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮ ሥር በአጭር ገመድ ታስሮ ኖሯል። ስሙ ነብር ነው ተባልን። «ሚጥሚጣ እያላስን ነው ያሳደግነው፤ ኃይለኛ ይወጣዋል» አለን ሰውየው ሲያስረክበን።

ነብር የተባለው ያ ፍጥረት በራችንን እንዳለፈ ሮቶው ጀርባ ተወሸቀና ሁለት ቀን ሙሉ አልወጣም። አንገቱን ገመዱ በልቶታል። ግቢ ለመጥረግ መጥረጊያ ሲነሳ ባየ ቁጥር ባለበት ሽንቱን ይለቃል። አንጀቴ ስላልቻለ በሁለተኛው ቀን እጄን ሰድጄ ጎትቼ አወጣሁትና አቀፍኩት። አውራ ጣቴን ነከሰኝ። ቡችላ ነው ብዬ አልተውኩትም፤ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባትም ጀመርኩ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። መሸሸጊያው ውስጥ ገብቼ ያዝኩት፤ ከመንከስ ሌላ ምን መንገድ ተውኩለት?

መፍትሔው የመጣው ከአባቴ ነው። አባቴ መንዝ በግ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ነው። «አትየው» አለኝ። «ዓይን ዓይኑን ስታየው ልትመታው ይመስለዋል። ተወው፣ ራሱ ይምጣ።» በማግስቱ ማለዳ በርጩማውን ይዞ ሮቶው አጠገብ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ ዳዊቱንም በለሆሳስ መድገም ጀመረ። ከኋላው፣ ጋቢው ጫፍ ላይ፣ የተቀቀለ እንቁላል ቁራሽ አስቀምጧል። በየዕለቱ እንዲያ አደረገ። መጀመሪያ ቡችላው የሚበላው አባቴ ከተነሳ በኋላ ነበር። በስድስተኛው ቀን አፍንጫው ብቅ አለች፤ የጋቢውን ጥለት አሸተተ፣ እንቁላሉን ላፍ አድርጎ ተመለሰ። አባቴ ዞር አላለም፣ ድምፁንም አልቀየረም።

አባቴ በልምዱ ትዕግሥትን ያውቃል፤ ሳይንሱ ደግሞ ጊዜው አጭር መሆኑን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ እስከ 14ኛ ሳምንታቸው ከሰው ጋር ሳይገናኙ ያደጉ ቡችሎች ከዚያ በኋላ ሰው ለመልመድ እጅግ እንደከበዳቸው አሳይቷል። ቡችላ ዓለምን በጎ ወይም ክፉ ብሎ የሚመዘግበው በዋናነት ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወር ገደማ ባለው ጊዜ ነው። የእኛው ቡችላ የዚህን ጊዜ አብዛኛውን ገመድ ላይ ጨርሶታል። የቀረችውን ላለማባከን፣ ክትባቱ እስኪሟላ መሬት ሳናስረግጠው በነጠላ ጠቅልለን በር ላይ ይዘነው እንቆም ነበር፤ የታክሲ ረዳት ሲጣራ፣ ባጃጅ ሲያልፍ ይስማ ብለን። ሲንቀጠቀጥ እንመልሰዋለን። ይህ ዕድሜ ካለፈ በኋላም ተስፋ አለ፤ ጊዜው ይረዝማል እንጂ።

የእንስሳት ሐኪሙ የትል መድኃኒት ሰጠው፣ ቁስሉን አጸዳለት፣ ክትባቱንም ጀመረለት፤ የእብድ ውሻውን በሦስተኛ ወሩ ወሰደ። እኔን ያስደነገጠኝ የምግቡ ነገር ነው። ለውሻ የምንሰጠው ወጥ የነካው እንጀራ ነው አይደል? ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። የላም ወተት ብዙ ቡችሎችን ያስቀምጣቸዋል፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል። ሰፈራችን ያለው ሉካንዳ ቤት በጾሙ ዝግ ስለነበር፣ ቤቱ ሁሉ ሽሮ እየበላ ለእሱ እንቁላልና ሩዝ ይቀቀል ነበር።

ሚጥሚጣውን ግን ላልፈው አልችልም። ማሰርና ማሰቃየት ጥሩ ጠባቂ ያወጣል የሚለውን እምነት በየሰፈሩ እሰማዋለሁ። ሚጥሚጣ ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር አያስተምርም። እንዲያ ያደገ ውሻ ሌባውን ከጎረቤት ልጅ አይለይም፤ ሁሉንም ስለሚፈራ ሁሉንም ይነክሳል። ጥሩ ጠባቂ የቤቱን ሰው የሚያምን፣ እንግዳ ሲመጣ ጮሆ የሚናገር ውሻ ነው። ይህን ለማግኘት ደግሞ ቡችላውን ማሰቃየት ቀርቶ መቆጣት እንኳ አላስፈለገንም።

ልጆቹ ስሙን ቡቺ አሉት። በሰኔ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ እንደገና ሮቶው ጀርባ ገባ፤ ሁለት ቀን ሳይሆን አንድ ሰዓት ቆይቶ ወጣ። መጥረጊያ ዛሬም ይፈራል። ባለፈው ቅዳሜ ግቢ ሊጠረግ መጥረጊያው ከግድግዳው ሲነሳ ጆሮውን ጥሎ ሲሮጥ አየሁት። የሮጠው ወደ ሮቶው አልነበረም። በረንዳ ላይ ዳዊቱን ወደሚደግመው አባቴ ሄዶ ጋቢው ሥር ገባ፤ አባቴም ዞር ሳይል በእጁ ጋቢውን ከፍ አደረገለት።