መሣሪያ የለም ተብሎ ሙዚቃ ይቅር?



«መሣሪያ በሌለበት ምን ሙዚቃ ይስተማራል?» የሚል አባባል በመካከላችን ደጋግሞ ይሰማል። በዚሁ ሰበብ ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት አንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ሲሰጥ አይተናል። እኔ በዚህ አልስማማም።

በመሠረቱ አባባሉ የመጣው ከልማዳችን ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ለእኛ ለአራዳና ለፒያሳ ልጆች ሙዚቃ ማለት መድረክ ሙሉ ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻውንስ?

የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ።  እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩን ብቻቸውን እየተጫወቱ፣ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደረቡ ካሴት ቀዱ። የከበሮው ማሽን ያንኑ ምት ይመላልሳል፤ አኮርዲዮኑ በላዩ ያንጎራጉራል። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዱ ኖሩ። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 «ሸሞንሟናዬ» በሚል ስም እንደገና ታትሞ ዓለም አደመጠው።

«ኧረ ይኸ የማሽን ሥራ ነው! ሙዚቀኛውን ከእንጀራው ያፈናቀለውም ኪቦርድ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነትነት አለው። አንድ ኪቦርድ የአምስት ሰው ቦታ ሲይዝ ትራምፔት ነፊው ቤቱ ተቀምጧል። ነገር ግን ጥፋቱ የመደራረቡ አይደለም፤ ሰው እያለ ለወጪ ቅነሳ ሲባል ሰውን መተካቱ ነው። ኃይሉ የደረቡት ብቻቸውን ሆነው ነው።

ደግሞስ አንድን ነገር እየመላለሱ በላዩ ሌላ ማሳረፍ ከውጭ የመጣ ነው እንዴ? በገና ደርዳሪ በጣቶቹ አጭሯን ምት ሳያቋርጥ ይመላልሳል፤ ጅማቱ በእንዝራው ይነዝራል፤ ድምፁ ከላይ ያርፋል። አንድ ሰው፣ ሦስት ድርብ! ማሽን የለም፣ መብራት የለም።

እንግዲህ ስድሳ ተማሪ ያለው መምህር ምን ጎደለው? ክፍሉን በሦስት ይክፈል። አንደኛው ቡድን በጭብጨባ አንዲት ምት ይያዝ፤ አያቁም። ከአራት ዙር በኋላ ሁለተኛው ዴስክ እየመታ ሌላ ምት ይጨምር። ሦስተኛው የሰፈሩን የልጆች ዜማ ያሳርፍበት። ከዚያ መምህሩ አንደኛውን ቡድን ድንገት ጸጥ አሰኝቶ፣ «ምን ጎደለ?» ብሎ ይጠይቅ። ልጁ ማዳመጥን የሚማረው እዚህች ላይ ነው። ጭብጨባው ሲቀር ዜማው እንዴት እንደሚንገዳገድ በጆሮው ያገኘዋል።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ እያንዳንዱ እጩ መምህር ከመመረቁ በፊት አንድ የሙዚቃ ትምህርት፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ፊታችን ቆሞ ያስተምር። እኛም በየተመደብንበት የሙዚቃን ክፍለ ጊዜ ለማንም አናበድር። ፒያኖው እስኪመጣ የምንጠብቅ ከሆነ ልጆቹ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሰው ይሄዳሉ።