በነፋስ መውጫ የጢስ መውጫ ይታሰብበት



ከተማችን በስሟ የነፋስ መውጫ ናት። ዳሩ ግን በየምግብ ቤቱ ጓዳ ጢሱ መውጫ አጥቶ እናያለን። ከወረታ ወልድያ የሚመላለሰው መንገደኛ ከፊት ተቀምጦ ትኩሱን ሲበላ፣ ከኋላ እንጀራ ጋጋሪዋና ወጥ ሠሪዋ ዓይናቸውን እያሹ ይውላሉ። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ስማዳ ወገዳም ይሁን እስቴ መካነ ኢየሱስ፣ በእንጨት የሚያበስል ምግብ ቤት ሁሉ ይመለከተዋል።

«እናቶቻችንስ በጢስ አይደል ያሳደጉን?» የሚሉ አሉ። አዎን፣ አሳድገውናል፤ ዓይናቸውንና ሳምባቸውን እየከፈሉ ግን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ከቤት ውስጥ ማብሰያ በሚወጣ የተበከለ አየር ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። የምግብ ቤት ሠራተኛ ደግሞ ከምድጃው ሥር የምትቆየው ለአንድ ቤተሰብ ጋግራ እስክትነሣ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ነው።

ከሰል ጢስ ስለሌለው ደኅና ይመስላል፤ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ አይታይም፣ አይሸትም። የጉና ብርድ በረታ ብሎ ፍም አስገብቶ በሩን የዘጋ ሰው እንደተኛ ሊቀር ይችላል።

መላው ግን ሩቅ አይደለም። ትኩስ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለሆነም ከበታች ለንጹሕ አየር መግቢያ፣ ከበላይ ለጢሱ መውጫ ያስፈልጋል። አንዱ ያለሌላው አይሠራም። ከምድጃው በላይ የላሜራ ቆብ፣ ከቆቡም ከጣሪያው ጫፍ ከፍ የሚል ቱቦ ይሠራ። ወደ ጎረቤት መስኮት የሚተፋ ቱቦ ችግር ማዛወር እንጂ መፍትሔ አይባልም። ጥላሸቱም በየጊዜው ይጠረግ፤ አለዚያ እሳት ያስነሣል። በቡታጋዝ የምትሠሩ ደግሞ ልብ በሉ፦ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ካመለጠ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ከወለሉ አጠገብም መውጫ ይኑረው።

ወጪው ከበደን ለምትሉ፣ ጉልቻውን በምርጥ ምድጃ ብትለውጡ ማገዶው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ከማገዶ የተረፈው ገንዘብ ለላሜራና ለቱቦ ይውላል። ደግሞስ ይህ የቸርነት ጉዳይ አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅን የአሠሪው ግዴታ አድርጎታል።

በመሆኑም የምግብ ቤት ባለቤቶች ከክረምቱ በፊት ጓዳችሁን እንድታዩ፣ ቤት አከራዮችም «ቆርቆሯችን አይበሳም» ማለቱን እንድትተዉ አጥብቀን እናሳስባለን። የተበሳ ቆርቆሮ ይደፈናል፤ የተበላሸ ሳምባ ግን በምን ይደፈናል? ተመጋቢውም ቢሆን ሒሳብ ከፍሎ ሲወጣ «ጢሱ በየት ነው የሚወጣው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን አለበት?

የሠፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር