የባዶ ቦታ መሙያ አይደለንም!

ከመካከላችን አንዱ «የጋዜጣ ሠዓሊ መሆን እፈልጋለሁ» ቢል ምን እንደሚጠብቀው እናውቃለን፤ ሳቅ ነው። «ሥዕል ያበላል እንዴ?» ይባላል። ከሳቁ የከፋው ግን ሙያውን እናከብራለን የሚሉት ሰዎች አስተሳሰብ ነው። ለእነሱ ጽሑፉ ዜና፣ ሥዕሉ ማጌጫ ነው። ጽሑፍ አልቆ ገጽ ሲተርፍ «እስቲ እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣል አድርግበት» ይሉታል። ይህን አስተሳሰብ እንቃወማለን!

ለመሆኑ ሥዕል ዜና መናገር የጀመረው ዛሬ ነው? የ1888ቱን የዓድዋ ጦርነት በሸራ ያሰፈሩት ሠዓሊዎቻችን ማን ከየት እንደቆመና ማን እንደመራ ፊደል ላልቆጠረው ሳይቀር አሳይተዋል። ወገን በሙሉ ፊቱ፣ ጠላት በጎኑ ይሣላል፤ ተመልካቹ ሳይነገረው ይለየዋል። የንግሥተ ሳባም ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በተከታታይ ሣጥኖች ሲተረክ ኖሯል። ዛሬ ኢንፎግራፊክ የሚሉት ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም።

ወደ ኢሉባቦራችን እንምጣ። የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ። ይህን ሰምተን አጨበጨብን። ነገሩ ግን ሦስት ቀለበት ነው፦ ደኑ ሳይነካ የሚጠበቅበት እምብርት፣ ቡና በጥንቃቄ የሚለቀምበት መካከለኛ ቀበቶ፣ እርሻና መንደር ያለበት የውጭ ዙሪያ። ገበሬው ማወቅ የሚሻው ማሳው በየትኛው ቀለበት እንደሚወድቅ ነው። ሦስት ዓምድ ጽሑፍ ይህን አይነግረውም፤ አንድ ካርታ ይነግረዋል። ቡናውስ? ከገበሬው እጅ እሸት ወይም ጀንፈል ሆኖ ወጥቶ በሰብሳቢ፣ በአቅራቢና በላኪ እጅ ሲያልፍ ስንት ብር የት እንደቀረ በአንድ መስመር ቢሣል፣ ከሥሩም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቢጻፍ፣ ከመቱ እስከ በደሌ ገበያውን የሚያነጋግር ዜና ይሆናል።

«ኮምፒዩተር በደቂቃ ይሥለዋል» የሚለንም አለ። ይሣለው! የጎሬን ነጋዴ ማን ጠየቀለት? ማሪ ኖይራት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለምዕራብ ናይጄሪያ መንግሥት የጤናና የእርሻ ገላጭ ሥዕሎች ስትሠራ፣ ለንደን ተቀምጣ የሣለችው አልበቃትም። እዚያው ሄዳ የሰዉን አለባበስና ኑሮ አይታ ምልክቶቿን ለወጠች። ሙያው ይኸ ነው፤ መጠየቅ፣ መቁጠር፣ ከዚያ መሣል።

ጥፋቱ የእኛም ነው። የምንጽፈው ቁጥር እንሸሻለን፤ የምንሥለው ማንበብ እንሰንፋለን። ሥዕልም እኮ ይዋሻል! ከዜሮ ያልተነሣ ዐምድ ጉብታውን ተራራ ያስመስላል። ስለዚህ አቋማችን አጭር ነው፦ ሠዓሊው ከዜናው መነሻ ጀምሮ ይቀመጥ፤ ስሙ ከሥራው ሥር ይጻፍ፤ ስህተቱንም እንደ ጸሐፊው ይጠየቅበት።

እንጀራውስ? ቀላል ነው ብለን አንሸነግልም። ትልልቆቹ ጋዜጦች አዲስ አበባ ናቸው፤ የሠዓሊ ቦታ ያላቸውም ጥቂት። ነገር ግን ራሱን መሙያ ያለ የመሙያ ዋጋ ይከፈለዋል።

በሚቀጥለው እትም የቡናውን መስመር በዚሁ ገጽ ላይ እንሥላለን። ስቴንስል ቀለም አይመርጥም፤ ጥቁር ይበቃናል። ዋጋውን ከየከተማችሁ ገበያ ጠይቃችሁ ኑ!