«ባለሥልጣን አይከሰስም» ያለው ማነው?



ለመቃብር ቦታም ሆነ ለመድረሳ ፈቃድ ቢሮ የተመላለሰ ሰው፣ እንጅባራም ይሁን ዳንግላ፣ አንዲት መልስ በደንብ ያውቃል፦ «ከላይ የመጣ ነው።» ከየትኛው ላይ? ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። «እከሳለሁ» ሲል ደግሞ የገዛ ወንድሙ «መንግሥት ተከሶ ያውቃል እንዴ?» ብሎ ያሳፍረዋል።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ካሳ እንዲከፍል ያዛል። በቅን ልቦና፣ ለሥራው ብሎ ያጠፋው ከሆነ ተጎጂው ከመንግሥት ይጠይቃል፤ መንግሥትም በኋላ ከሠራተኛው ማስመለስ ይችላል። በግል ቂሙ የሠራው ከሆነ ግን ዕዳው የራሱ ብቻ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) በበኑ ጀዚማ ላይ በተሳሳተ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከድርጊቱ ራሳቸውን ወደ አላህ አጠሩ። ዐሊይን (ረ.ዐ.) ገንዘብ አስይዘው ላኩ፤ የሟቾቹ ደም ተከፈለ፣ ንብረታቸው ተከፈለ፣ ውሻ የሚጠጣበት ገበታ ሳይቀር ተከፈለ። ኻሊድ ያን ያህል ጀግና ሆኖ «የጦር አዛዥ አይጠየቅም» ያለ አልነበረም።

ግድግዳው የሚመጣው ጥቂት አንቀጾች ዝቅ ሲባል ነው። 2137 ንጉሠ ነገሥቱን፣ 2138 ደግሞ ሚኒስትሮችን፣ የፓርላማ አባላትንና ዳኞችን ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ጥፋት በካሳ እንዳይከሰሱ ይጠብቃል። በሩ የሚከፈተው በወንጀል ከተፈረደባቸው ብቻ ነው። ሚኒስትሩን በወንጀል የሚከሰው ማነው? የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ! የዳኛውን እንተወው፤ ክስ የሚፈራ ዳኛ አይፈርድም። ሚኒስትሩ ግን ቅን ከሆነ 2126 ይበቃዋል። ትርፉ ከለላ የሚጠቅመው ቅን ላልሆነው ነው።

ልብ በሉ፤ የወረዳ ሹም፣ የዞን ኃላፊ፣ ፖሊስ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ለእነርሱ ከለላ የሆናቸው የእኛ ፍርሃት ነው።

የወንድሞቻችንን ነገር እንይ። የኮሚቴው አባላት በሐምሌ 2004 ታሰሩ። በጥር 2005 የፍርድ ቤት እግድ እያለ «ጂሃዳዊ ሐረካት» በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ገና ያልተፈረደባቸው ሰዎች በሕዝብ ፊት አሸባሪ ተባሉ። በሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ኡስታዝ አሕመዲን ጀበል የተፈቱት በየካቲት 2010 ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መንግሥት ሰው ይገርፍና ጨለማ ቤት ያስር እንደነበር ራሳቸው ፓርላማ ላይ አመኑ። ማመን መልካም ነው፤ ካሳ ግን ሌላ ነገር ነው። አንቀጽ 2143 ደግሞ ጉዳቱ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው ወንጀል ካልመጣ በቀር ካሳ በ2 ዓመት ውስጥ ይጠየቅ ይላል። ከ5 ዓመት በላይ እስር ቤት የከረመ ሰው እነዚያን 2 ዓመታት ከየት ያመጣል?

በአሜሪካም ይኸው ነው። በፈረንጆች 1961 ሚሲሲፒ ውስጥ ጃክሰን ከተማ 15 ቄሶች፣ ነጭና ጥቁር አብረው፣ ለነጮች ብቻ በተባለ የአውቶቡስ መጠበቂያ ክፍል ገብተው ታሰሩ። ፖሊሶቹንና ዳኛውን ከሰሱ። በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛው ጨርሶ አይጠየቅም፣ ፖሊሶቹም «በቅን ልቦና ነው ያሰርነው» ብለው መከላከል ይችላሉ አለ። ቄሶቹ ያጡትን ግን የሰፈሩ ሰው አላጣም፤ መዝገቡ ቀርቷል፣ ዛሬም ይጠቀሳል።

እኛስ? 2138 ከሚኒስትሮች ላይ እንዲነሳ በየመስጂዱ ፊርማ እናሰባስብ። እስከዚያው «ከላይ ነው» የተባለ ሁሉ መልሱን በጽሑፍ ይጠይቅ። እምቢ ካሉት ማመልከቻውን በመዝገብ ቤት አስገብቶ ቁጥር ይቀበል፤ ቀኑን፣ የሹሙን ስም፣ አብሮት የነበረውን ምስክር ይጻፍ። 2 ዓመት ከመሙላቱ በፊት መዝገብ ይከፈት። ጠበቃ መያዝ ለማይችል ጀመዓው ያዋጣለት፤ ለመስጂድ ምንጣፍ እንደምናዋጣው።