ምጣዱ ሲበላሽ አቤት የሚባለው እንዴት ነው?

አብሲት ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ አልሞቅ ሲል እናት የሚሰማትን ብስጭት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሊጡ ይኮመጥጣል፤ እንጀራ ከሱቅ ይገዛል፤ ለወሩ የተመደበው ገንዘብም ይጓደላል። ብልሽቱ አንድ ጊዜ ከሆነ «ያጋጥማል» ተብሎ ይታለፋል። እየተመላለሰ ሲመጣ ግን ዝም ማለት አይገባም። ጥያቄው አቤት የሚባለው እንዴት ነው የሚለው ነው።

የሦስት ልጆች እናት የሆነች አንዲት ጎረቤቴ የአንድ ዓመት ዋስትና ያለው ምጣድ ገዝታ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተበላሸባት። በየጊዜው ከሥራዋ እየቀረች በታክሲ አስጭና ወደ ሱቁ ወሰደችው። ጠጋኙ ልጅ ሽቦውን ይቀጥልና «አሁን ደኅና ነው እትዬ» ብሎ ይመልስላታል። ምጣዱ እንደገና ሥራ ባቆመ ጊዜ ትዕግሥቷ አልቆ ሱቁ ድረስ ሄዳ ጮኸች። ባለሱቁም «ጥፋቱ የመብራቱ ነው» አላትና በዚያው ተለያዩ። ማታ ቁጭ ብለን ስንነጋገር ምጣዱ የተበላሸው መቼ መቼ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ ቀኑን አታስታውስም። ደረሰኙም ከብዙ ፍለጋ በኋላ ከልጆቹ ደብተር መካከል ተገኘ። ንዴቷ እውነት ነበር፤ ሆኖም ባለሱቁን መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ነገር በእጇ አልያዘችም።

ከአቤቱታ በፊት ጥፋቱ የዕቃው ይሁን የቤቱ መለየት ያስፈልጋል። 3,500 ዋት የሚፈጅ ምጣድ በ220 ቮልት መስመር 16 አምፔር ያህል ይስባል። ይህን ያህል ኃይል በቀጭን ሽቦ ወይም በዲቫይደር ሲያልፍ ሶኬቱ ይግላል፤ ከዚያም አልፎ ይቀልጣል፤ ለእሳት አደጋም ያጋልጣል። ስለዚህ ምጣድ በወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር ባለው መስመር ለብቻው መቀጠል ይገባዋል። ሶኬቱ ጠቁሮ ከተገኘ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይየው። መስመሩ ደኅና ሆኖ ሳለ የምጣዱ ሽቦ የሚበጠስ ከሆነ ግን ሻጩን መጠየቅ ተገቢ ነው። የጎረቤቴን መስመር የሰፈራችን ሠራተኛ መርምሮ ችግር እንደሌለበት ነገራት።

ሕጉም ቢሆን ለገዢው ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል። ገዢውም በበኩሉ ዕቃውን ቶሎ መመርመርና ጉድለቱን እንዳገኘ ምንነቱን ገልጾ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ስለዚህ አዲስ ምጣድ እንደገባ ሳይውል ሳያድር ጋግሮበት መሞከር ብልኅነት ነው። 15 ቀኑ ያለፈበት ሰው ደግሞ የዋስትና ወረቀቱን ይዞ ይጠይቅ።

ጎረቤቴና እኔ የብልሽቱን ቀኖች አንድ በአንድ አስታወስናቸው። አንዱ የልጇ ልደት ዋዜማ ነበር፤ ሌላው ደመወዝ የተቀበለችበት ሳምንት፤ ሦስተኛው ሱቁ ሄዳ የጮኸችበት ቀን። ከዚያም የተገዛበትን ቀን፣ የደረሰኙን ቁጥር፣ የተበላሸባቸውን ቀኖችና የተደረገውን ጥገና ከላይ አስፍራ እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ምጣዱ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተበላሽቷል። ሁለት ጊዜ በእናንተው ሠራተኛ ቢጠገንም አሁንም አይሠራም። የዋስትናው ጊዜ ስላላለፈ በሌላ እንዲለወጥልኝ እጠይቃለሁ። መልሳችሁን እስከሚመጣው ሰኞ እጠብቃለሁ።»

ስድብ የለበትም፤ ልመናም የለበትም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅታ፣ አንዱን ለባለሱቁ ሰጥታ፣ በሌላው ላይ መቀበሉን በቀንና በፊርማ አረጋገጠላት። ከደረሰኙም ቅጂውን እንጂ ዋናውን አልሰጠችም። ጉዳዩን ለጠጋኙ ልጅ አለማቅረቧም ትክክል ነበር፤ እርሱ ዕቃ ለመለወጥ ሥልጣን የለውም።

ባለሱቁ መብራቱን እንደገና ምክንያት ሊያደርግ ሞከረ። እርሷም መስመሩ መመርመሩን በእርጋታ ነገረችው። በስምንተኛው ቀን ምጣዱ ተለወጠላት። ለታክሲ ያወጣችውን ገንዘብ ግን አላገኘችም። እምቢ ብሏት ቢሆን ኖሮ ፊርማ ያለበትን ቅጂ ይዛ ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ለመሄድ ተዘጋጅታ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ለማቀዝቀዣም ሆነ ለልብስ ማጠቢያ መንገዱ ይኸው ነው። ዛሬውኑ የቤታችሁን ደረሰኞችና የዋስትና ወረቀቶች በአንድ ፖስታ ሰብስቡ፤ ዕቃ በተበላሸ ቁጥርም ቀኑን በፖስታው ጀርባ ላይ ጻፉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ!