የምርመራ ወረቀት የሞት ፍርድ አይደለም



ሰሞኑን ከሐዋሳ የደረሰን አንድ ደብዳቤ የዚህን ሳምንት ዓምዳችንን ርእስ ወስኖልናል። ጸሐፊዋ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ወጣት ባለትዳር ናት። ስሟ እንዳይወጣ አደራ ብላናለች፤ አደራዋንም እንጠብቃለን። በአራተኛ ወር እርግዝናዋ ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄዳ በተደረገላት የደም ምርመራ ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ መኖሩ ተነገራት። በዚያው ወር አብራት የምትኖረው ታላቅ እኅቷ ደም ለመለገስ ሰጥታ ኖሮ፣ ከቀናት በኋላ ተጠርታ ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ምልክት ታይቶብሻል ተባለች። ሁለቱ እኅትማማቾች ወረቀታቸውን በአንድ ሣጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ሌሊት ሌሊት እየተላቀሱ ከረሙ።

እርጉዟ የምትጠይቀን አንድ ነገር ነው። ልጄን ባጠባው በገዛ ጡቴ ገዳዩ እሆናለሁ፤ ባላጠባው አማቴ ምን ሆነሽ ነው ብላ አገር ታስነሣለች፤ ምን ላድርግ? ትላለች። ታላቅየዋ ደግሞ ለአንዲት ጎረቤት ምሥጢሯን ብታካፍል፣ ይህ የወፍ በሽታ ነው፤ ሐኪም አያውቀውም፤ መርፌ ከነካሽ ያልቅልሻል፤ ቅጠል የሚያጠጣ አዋቂ አለ ተብላለች።

መልሳችንን ለሁለቱም እንሰጣለን። ነገር ግን መልሱ ከየት እንደመጣ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነበር። በዚያን ጊዜና ከዚያም በኋላ ባሉት ረጅም ዓመታት ቫይረሱ በደሟ የተገኘባት እናት የሚሰጣት መድኃኒት አልነበረም። ምንም ሕክምና ካልተደረገ፣ ቫይረሱ ካለባቸው 100 እናቶች ከሚወለዱ ሕፃናት መካከል ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት ማጥባት ጊዜ ይያዛሉ።

በ1994 በአሜሪካና በፈረንሳይ በእርጉዝ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት የመጀመሪያውን ተስፋ አበሰረ። ዚዶቩዲን የተባለውን መድኃኒት እናቲቱም ሕፃኑም ሲወስዱ፣ ከ100 ሕፃናት ውስጥ ይያዙ የነበሩት ሃያ አምስት ያህሉ ወደ ስምንት ዝቅ አሉ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ውድ፣ አሰጣጡም ረጅም ስለነበረ ለአፍሪካ እናት ሩቅ ነበር። በ1999 በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ የተደረገው ጥናት፣ ምጥ ሲጀምር ለእናቲቱ አንድ የኔቪራፒን ክኒን፣ ለሕፃኑም አንድ ጊዜ ሽሮፕ በመስጠት ብቻ ብዙ ሕፃናትን ማዳን እንደሚቻል አሳየ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ የእኛም ነው። ሕፃኑ ጡት በሚጠባበት ወቅት እንዴት ይጠበቅ የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም ነበርና፣ በኢትዮጵያ፣ በሕንድና በኡጋንዳ የሚያጠቡ እናቶች የተካፈሉበት ጥናት ተካሄደ። በአገራችን የተካፈሉት የአዲስ አበባ እናቶች ናቸው። ለአንዱ ክፍል ሕፃናት ኔቪራፒን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሌላው ክፍል ግን እስከ ስድስት ሳምንት በየቀኑ ተሰጣቸው። ውጤቱ በ2008 ሲታተም፣ በስድስተኛው ሳምንት የተያዙት ሕፃናት በመጀመሪያው ክፍል ከ100 አምስት ያህል ሲሆኑ በሁለተኛው ሁለት ተኩል ያህል፣ ማለትም በግማሽ ያነሱ ነበሩ። እነዚያ እናቶች ስማቸው በየትም አልተጻፈም። ቢሆንም በዚያ የጭንቅ ዘመን ልጆቻቸውን ታቅፈው ለምርመራ በመመላለሳቸው ዛሬ ለምትወልደው እኅታችን መንገድ ጠርገዋል።

ዛሬ ሁኔታው እጅግ ተለውጧል። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በ2005 ነው። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ቫይረሱ ያለባት ማንኛዋም እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት፣ የደሟ አቅም ምንም ይሁን ምን፣ በታወቀባት ቀን መድኃኒት ጀምራ ዕድሜዋን ሙሉ እንድትወስድ ተደርጓል። ዛሬ የሚሰጠው ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ላይ የተቀመሙበት፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ነው። እናቲቱ ይህን ሳታቋርጥ ከወሰደችና ሕፃኑም እንደተወለደ የሚሰጠውን መከላከያ ካገኘ፣ የመያዙ ዕድል ከ100 ከአምስት በታች ይወርዳል። ቀደም ብላ ለጀመረችና ቫይረሱ በደሟ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ለቀነሰላት እናት ደግሞ ከዚህም እጅግ ያነሰ ነው።

እንግዲህ እኅቴ ሆይ፣ የጥያቄሽ መልስ ይህ ነው፤ መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ልጅሽን አጥቢው። ነገር ግን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይሁን። በደቡብ አፍሪካ በደርባን ከተማ የተደረገ ጥናት፣ ጡትና ሌላ ምግብ ተቀላቅሎ የሚሰጣቸው ሕፃናት ጡት ብቻ ከሚጠቡት ይልቅ በቫይረሱ ይበልጥ እንደሚያዙ አሳይቷል። ስለዚህ አማትሽ በደግነት ቅቤ ላውጠው፣ ስኳር በውሃ ላቅምሰው ቢሉሽ፣ ሐኪም ከልክሎኛል ማለት በቂ ነው። ይህ ምክር ቫይረሱ ላለባትም ለሌለባትም እናት አንድ ስለሆነ ምሥጢርሽን አያወጣብሽም። ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ከተረከዙ የደም ጠብታ ተወስዶ ይመረመራል፤ ከዚያም ጡት እስኪተውና ውጤቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ክትትሉ አይቋረጥም።

ስለ ባለቤትሽ በደብዳቤሽ አንድም ቃል አልጻፍሽም። ዝምታሽ ይገባናል። ሆኖም እርሱም ሊመረመር ይገባዋል። ብቻሽን መናገሩ ካስፈራሽ፣ የጤና ባለሙያዋን አማክሪያት፤ ሁለታችሁን አንድ ላይ አስቀምጣ የምትነግርበት መንገድ አለ። ባለቤትሽ ነፃ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ትዳር ይፍረስ ማለት አይደለም። በ2011 ይፋ የሆነና 1,763 ጥንዶች የተካፈሉበት ጥናት፣ ቫይረሱ ያለበት ወገን ቀድሞ መድኃኒት ሲጀምር ወደ ትዳር ጓደኛው የመተላለፉ አደጋ በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የምትውጪው ክኒን አንቺን፣ ልጅሽንና ባልሽን በአንድነት ይጠብቃል።

ወደ ታላቅ እኅትሽ እንለፍ። ሰው የወፍ በሽታ እያለ የሚጠራው የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን ብዙ መነሻ አለው፤ ከእነዚህ አንዱ የጉበት ቫይረስ ነው እንጂ የሌሊት ወፍ በላይ ስለበረረ የሚመጣ ነገር አይደለም። ሄፓታይተስ ሲ በ1989 የታወቀ ቫይረስ ሲሆን፣ የሚተላለፈው በተለይ በደም ነው። ለብዙ ዓመታት ምንም ሳያሳይ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

እኅትሽ አስቀድማ ልታውቅ የሚገባት፣ የመጀመሪያው ምርመራ የሚያሳየው ሰውነቷ ከቫይረሱ ጋር መገናኘቱን ብቻ መሆኑን ነው። ከሚያዙት ሰዎች መካከል ከ100 ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በስድስት ወር ውስጥ ያለ ሕክምና ከራሳቸው ያስወግዱታል። ስለዚህ ቫይረሱ ዛሬም በደሟ ውስጥ መኖሩን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልጋታል። ቢገኝባትም እንኳ ሄፓታይተስ ሲ ይድናል። ቀድሞ ሕክምናው አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው የሚወሰድ፣ በሽተኛውን የሚያንገላታና ከሁለት ሰው አንዱን ያህል ብቻ የሚፈውስ መርፌ ነበር። በ2013 ሶፎስቡቪር የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ሳምንት በሚወሰድ ክኒን ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። በአሜሪካ ሲወጣ የአንድ ሰው ሕክምና 84,000 ዶላር ነበር፤ በኋላ ግን ርካሽ ዓይነቱ ተሠርቶ እንዲሸጥላቸው ከተፈቀደላቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ሆናለች።

ግብፅ በዚህ ረገድ ትምህርት ትሆናለች። ቀደም ባሉት አሥርት ዓመታት የቢልሃርዝያ በሽታን ለማጥፋት በዘመቻ መርፌ ሲወጋ፣ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው በተዘዋወረ መርፌ ይህ ቫይረስ በሕዝቡ ውስጥ ተሠራጨ። ግብፃውያን ከ2018 ጀምሮ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ መርምረው የተገኘባቸውን በነፃ አከሙ፤ በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ሥራቸውን በወርቅ ደረጃ መሰከረላቸው። በመርፌ የገባው በሽታ በክኒን ወጣ ማለት ይቻላል።

ለሄፓታይተስ ሲ እስካሁን ክትባት አልተገኘለትም። ስለዚህ መከላከያው ጥንቃቄ ነው። አንዱ የተላጨበትን ምላጭ ሌላው አይንካ፤ ዋግምት፣ ንቅሳት፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ የሴት ልጅ ግርዛትና በየመንደሩ የሚወጋ መርፌ ሁሉ የደም በር ናቸው። በአንጻሩ አንድ መሶብ ላይ መብላት፣ ቡና አብሮ መጠጣት፣ ልጅን ማቀፍ በሽታውን አያስተላልፍም፤ የእኅትሽን ሲኒ መለየት አያስፈልግም። እርሷ ግን ከአረቄና ከጠላ ትራቅ፤ የታመመ ጉበትን ይበልጥ ሊጎዳ የሚችለውንም ቅጠል ለአዋቂው ትተውለት።

የሳይንስ ሥራ አሁንም ቀጥሏል። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ወጣት ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2024 ውጤቱ በታወቀ ጥናት፣ ሌናካፓቪር የተባለውን በስድስት ወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መከላከያ ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዲትም በኤች አይ ቪ አልተያዘችም። በ2025 የዓለም ጤና ድርጅት መከላከያው በሥራ ላይ እንዲውል መክሯል። ይህ ገና ላልተያዙት እንጂ ለተያዙት ፈውስ አይደለም፤ ክትባትም አይደለም።

በመጨረሻ ከአንዳንድ እናቶች የምንሰማውን አንድ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ጠበል ልጠመቅ ስትል መድኃኒቷን ያቋረጠች፣ በዚያው የቀረችም አለች። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው ይታወሳል። ጸሎትሽን ጸልዪ፤ ክኒንሽንም ዋጪ።

ለሁለቱ እኅትማማቾች የምንላቸው ይህ ነው። ያንን ሣጥን ክፈቱና ወረቀቶቻችሁን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። አንዲቱ በቀን አንድ ክኒን እየወሰደች ጤነኛ ልጅ ልታሳድግ ትችላለች። ሌላይቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ከበሽታው ነፃ ሆና ልትገኝ ትችላለች። ይህን ጽሑፍ የምታነቡ እናቶችና ሠራተኞች ሁሉ ደግሞ፣ ለእርግዝና ክትትል ስትሄዱ ምርመራውን አትሽሹ፤ በሐሜት የተነሣ ወረቀቷን በሣጥን የምትቆልፍ ጎረቤት ካለቻችሁም ቡና አፍልታችሁ ጥሯት።