ጭላዳውን አየን፤ ሰውንስ?

ከመካከላችን ወደ ስሜን ሄዶ የተመለሰውን ተማሪ ምን አየህ ቢሉት፥ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ጅብራ፣ ገደል። ፎቶግራፉንም ያሳያል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለውን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን ተኝቶ አልፎታል፤ ዳባት የምትባል ከተማ መኖሯን የሚያውቀው መኪናው ለሻይ ቆሞ እንደሆነ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ገደል አየ እንጂ አገር አላየም እንላለን።

የጥንቱ እንግዳ እንኳ ከእኛ ይሻል ነበር። ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲሄድ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ፥ ካገሬው ጋር እየተከራከረም እየተወዳጀም ያየውን ጽፏል። ዋልያን ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስታወቀው ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ የሳይንስ ስሙ ግን ያው ካገሬው አፍ የተወሰደው ነው። እረኛው ቀድሞ ያውቀው ነበርና።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ፤ በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በክልሉ ውስጥ ግን ገብስ የሚዘራ፣ በግ የሚያረባ ሕዝብ ነበረበት። እርሻውና ከብቱ የዱር አራዊቱን መኖሪያ አጣበበ ተብሎ፥ ፓርኩ ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ቆየ። ከዚያ ተራ ለመውጣት ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ የግጭን መንደር ማንሣት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ ቤተሰቦች ካሳ ተከፍሏቸው ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፈሩ።

እኛ ዋልያ ይጥፋ አንልም። ዋልያ ከኢትዮጵያ በቀር ሌላ አገር የለውም፤ ሳሩ በከብት መጋጡም ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን የግጭን ሜዳ አይቶ «እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!» የሚል ጎብኚ፥ ጸጥታው ከየት እንደመጣ ሊያውቅ ይገባዋል። ዋጋውን የከፈለለት ሰው ሩቅ አይደለም፤ ደባርቅ ነው ያለው። ለመሆኑ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ሰው መሬቱን ለቆ በከተማ ዳር በጥሬ ገንዘብ ኑር ሲባል ምን ይሠራል? ገንዘቡ ሲያልቅስ ልጁ ምን ይሆናል?

የእንግዳው ገንዘብ ለማን እንደሚደርስም እንመልከት። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ነው፤ መግቢያው ይከፈላል፤ ጠመንጃ የያዘው ስካውት፣ አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ ባለ በቅሎው ይቀጠራሉ። ተራ የማይደርሰው ግን ብዙ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህማ ጦርነቱና ግጭቱ እንግዳውን ስላራቀው ተራው እጅግ ረዝሟል። በዚህ ላይ ስንቁን ሁሉ ከጎንደር ሸምቶ በመኪና ሳንቃ በር የሚገባ ቡድን፥ ለደባርቅ ገበያ የሚተወው አቧራ ብቻ ነው።

ስለዚህ መንገዱ ሰላም ሆኖ ማኅበራችን ጉዞ ሲያዘጋጅ አንድ ነገር እንጠይቃለን። ከአምስቱ ቀን ሁለቱ ለከተሞቹ ይሁኑ። ዳባት ወርደን ገብሱና ባቄላው ስንት እንደሚሸጥ እንጠይቅ። ደባርቅ እንደር፤ ቆሎውንና በሶውን ከዚያው እንግዛ፤ ጠላውን ካገሬው ጋር ተቀምጠን እንጠጣ። (ብርዱ አይጣል ነው፤ ከተማዋ ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ናትና ጋቢ የሌለው ከወዲሁ ይበደር።) ከግጭ የመጡትንም አባወራዎች፥ ፈቃዳቸው ከሆነ፥ ቤታቸው ድረስ ሄደን «አባቴ፥ እንደምን ከረሙ?» እንበላቸው። የሕግ ተማሪ ስለ ካሳው፥ የግብርና ተማሪ ስለ ገብሱ፥ የሕክምና ተማሪ ስለ ልጆቹ ጤና የሚጠይቀው አያጣም። ካሜራም ከመደገናችን በፊት ስማቸውን እንጠይቅ።

«ለዕረፍት እንጂ ለጥናት አንሄድም» የሚሉን አይጠፉም። ለእነዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መልሳችን አጭር ነው፤ ገደሉማ በፖስት ካርድም ይታያል።

የጉዞ ኮሚቴው የሚቀጥለውን ፕሮግራም ከማውጣቱ በፊት ሐሳቡን በዚሁ ጋዜጣ እንዲገልጽልን እንጠብቃለን።